ከጥር እስከ ሐምሌ የሚዘልቅ ገንዘብ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የልምድ ልውውጥ ሥልጠና የቀረበ ንግግር፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በእግር ስለዋላችሁ ደክሟችኋል፤ አውቃለሁ። "አጭር ነው የምናገረው" ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ትንሽ ይረዝማል። ቡናው እስኪደርስ ግን ታገሡኝ።

ጠዋት ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ስንወርድ ከመካከላችሁ አንድ አባት ጠጋ ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ፎቁን፣ አዲሱን ሰፊ መንገድ፣ በየጥጉ ቡና የሚያፈሉትን ሴቶች፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ካዩ በኋላ "እነዚህ ሰዎች እርሻ የላቸው፣ ከብት የላቸው፣ ጎተራ የላቸው፤ ዓመቱን በምን ይዘልቁታል?" አሉኝ። እኔም "ማታ እመልስልዎታለሁ" አልኳቸው። የዛሬው ንግግሬ ለእሳቸው መልስ ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ግን ከእኔ ሃያ ጊዜ ሰምታችሁታል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ አኅጽሮቱ "ኢንቺስ" ይባላል። "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሕዝቡ በአፉ ሲለዋውጠው ካዛንቺስ ሆነ። ከመነሻው የደመወዝተኛ ሰፈር ነበር ማለት ነው። የደመወዝተኛ ገንዘብ በወር በወር ይመጣል። የባለሱቋ ገንዘብ በየቀኑ ይመጣል። ቡና የምታፈላው ሴት ገንዘቧን በስኒ ትቆጥራለች። የከተማ ሰው ገንዘብ ካፊያ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ግን ዓመቱን ሙሉ።

የእናንተ ገንዘብ እንዲህ አይደለም። ዓመት ጠብቆ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጎርፍ ነው። ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ እኔ ለእናንተ አላስተምርም። እርከን በሌለበት ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል፤ በሳምንቱ ማሳው ይደርቃል። ያው ዝናብ እርከን በተሠራበት ማሳ ላይ ቢወርድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በታችኛው ሸለቆ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዝናቡ አንድ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ በተፋሰስ ሥራ ስንት ቀን አፈር ስትቆፍሩ ድንጋይ ስትክቡ ትከርማላችሁ፤ በዚያው በጥር በእጃችሁ ለሚያልፈው ገንዘብ ግን አንድም እርከን አልሠራንለትም። "አልሠራንለትም" የምለው እኔም ስላለሁበት ነው።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በነበርኩበት ዘመን ሥራዬ ምርት መጨመር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመስመር ዝሩ፣ ምርጥ ዘር ተጠቀሙ፣ ማዳበሪያውን በወቅቱ ጨምሩ እል ነበር። ምክሬን ከተቀበሉኝ መካከል አንድ ጎበዝ አርሶ አደር ነበር። በሄክታር ከስምንትና ከአሥር ኩንታል ያልዘለለው የጤፍ ምርቱ ወደ ሃያ ተጠጋ። ተሸለመ፤ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲያባርረኝ እቤቱ ጎራ አልኩ። እሱ አልነበረም። ባለቤቱ እንግዳ ተቀባይ ናትና ቁጭ በል አለችኝ፤ ነገር ግን እሳት ዳር ስትንጎራደድ ቆየች። የምታቀርበው ስላልነበራት ነው። ኋላ እንደ ሰማሁት ባልየው ያን ዕለት እህል ሊበደር ሄዶ ነበር፤ በመስከረም አንዱን ኩንታል አንድ ተኩል አድርጎ ሊመልስ። ጤፉን ያኔ በታኅሣሥ፣ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈልና ሰርግ ለመደገስ፣ አንዱን ሳያስቀር ሸጦታል። ከምስክር ወረቀቱ ሥር ቁጭ ብዬ ጎተራው ባዶ መሆኑን ሳስብ አፈርኩ። ምርቱን በእጥፍ ያሳደግነው እኛ ነን። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግን አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ጠዋት የቆምንበት ቡና ቤት፣ ቤት እንኳ አይባልም፣ ሦስት በርጩማና አንድ ረከቦት ነው፣ ቡና የምታፈላዋን ሴት ከእናንተ አንዳንዶቹ አነጋግራችኋታል። እቁብ እንዳላት ጠይቃችኋት "ሁለት አለኝ" ስትል ሳቃችሁ። አንዱ የቀን እቁብ ነው፤ በየቀኑ ማታ ገንዘብ ሰብሳቢው ይመጣል፣ ትሰጠዋለች። ሁለተኛው የወር ነው። የቀኑ እቁብ ሲደርሳት ስኳር፣ ቡናና ከሰል በጅምላ ትገዛበታለች። የወሩ እቁብ ግን ገና ሳይወጣ ስም አለው፤ "የልጄ የኮሌጅ ክፍያ ነው" አለች። ልብ በሉ፤ "ገንዘብ አስቀምጫለሁ" አላለችም። የገንዘቡን ስም ነው የነገረችን። ከዛሬው ጉብኝት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ሌላውን ብትረሱት አልቀየምም።

እቁብን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን ከውስጥ እንየው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት ሰው በአንድ ጊዜ 60,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው በተግባር ያለ ወለድ ተበድሯል፤ የቀሩትን አሥራ አንድ ወራት ዕዳውን ይከፍላል። በአሥራ ሁለተኛው ወር የደረሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቧል፤ ወለድ ግን አላገኘም፣ በመሐል ዋጋ ከጨመረም ጉዳቱ የእሱ ነው። ስለዚህ ቸኩሎ የሚፈልግ ሰው ዕጣ ይለዋወጣል፣ ወይም ትንሽ ከፍሎ ይገዛል። ዋስ የሚጠየቀው ቀድሞ የወሰደው እንዳይጠፋ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉ የሚቆሙት በዚሁ ነው። ባንክ ያላደረገውን እቁብ ያደርጋል፦ ሰው እንዳይሰንፍ ጎረቤቱን ዘበኛ ያቆምበታል። ባንክ ዘንድ ዛሬ ባታስገባ ማንም አይጠይቅህም፤ እቁብ ግን ቤትህ መጥቶ ያንኳኳል።

እቁብ ብቻውን ግን ሰውን አያበለጽግም። እኔን አላበለጸገኝም። በመሥሪያ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር እቁብ ገብቼ ገና በሁለተኛው ወር ደረሰኝ። በእጄ እንዲያ ያለ ገንዘብ ይዤ አላውቅም። ምን እንደማደርግበት ቀድሜ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጓደኞቼን ጋበዝኩ። በሁለተኛው ቀን ስልክ ቀየርኩ። በሳምንቱ አንድ ሶፋ ገዛሁ፤ ቤቴ ጠባብ ስለነበረ ሶፋው በሩን ግማሽ ዘጋው፣ እስክሸጠው ድረስ በጎን ነበር የምንገባው። የቀረውን ዛሬ ብትጠይቁኝ የት እንደገባ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ በኋላ አሥር ወር ሙሉ ደመወዜ ሲወጣ ወዲያው ለእቁቡ እንደሄደ ነው። የግብርና ኢኮኖሚ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼ ነበር። ቡና የምታፈላዋ ሴት ግን ከእኔ በልጣለች፤ እሷ ዕጣው ሳይወጣ ስሙን አውጥታለታለች።

"እንግዲያ እኛም እቁብ እንግባ?" ትሉ ይሆናል። እኔ የምለው፣ የእቁቡ ክፍያ ከገቢያችሁ አመጣጥ ጋር ይግጠም። ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሸጥ ሰው የአሥራ ሁለት ወር እቁብ ቢገባ ሰኔና ሐምሌ ላይ ለእቁብ ብሎ ጥጃ ይሸጣል፤ አይቻለሁ። ለእንዲህ ያለው ሰው ከመኸር በኋላ ባሉት ሦስት አራት ወራት ውስጥ የሚያልቅ እቁብ ይሻላል። ወተት፣ እንቁላል ወይም በመስኖ አትክልት የምትሸጡ፣ በተለይ ሴት አርሶ አደሮቻችን፣ የእናንተ ገንዘብ ከካዛንቺስ ሰው ገንዘብ ጋር ይመሳሰላል፤ በየገበያው ቀን የሚጣል የሳምንት እቁብ ለእናንተ ይስማማል። በሌላ ሰው ዋስ ስትሆኑ ደግሞ "ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ ከየትኛው ኪሴ እከፍላለሁ?" ብላችሁ መልሱን አግኝታችሁ ነው መፈረም ያለባችሁ። በይሉኝታ የተፈረመ ዋስትና ስንት በሬ እንደወሰደ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ጠዋት አንዳንዶቻችሁ በካዛንቺስ አዲሱ መንገድ ዳር ቆማችሁ "እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?" ብላችኋል። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ሰፈሩ በሰፊው ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ልናገር አልመጣሁም። እኔ የማየው የገንዘቡን በኩል ነው። ሃምሳ ዓመት በአንድ ግቢ የኖረ ሰው በአጭር ጊዜ ዕቃውን ጭኖ ሲነሣ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የጭነት መኪና ኪራይ፣ አዲሱን ቤት ማስተካከያ፣ የልጆች ትራንስፖርት፣ ደንበኛ እስኪገኝ ድረስ የሥራ አጥነት ወራት። እድሩና እቁቡ የቆሙት በጉርብትና ነበር፤ ጎረቤት ሲበተን እነሱም ተንገዳገዱ። በእጁ የሁለት ሦስት ወር ቀለብ የሚሆን፣ ለሌላ ነገር ስም ያልወጣለት ገንዘብ የነበረው ሰው ቀና ብሎ ተነሣ። ያልነበረው ደግሞ ያለውን ዕቃ በተገኘው ዋጋ ሸጠ።

እኛ ዘንድ መኪና መጥቶ ቤት አይነሣ ይሆናል። በረዶ ግን ይወርዳል። በ2012 እና በ2013 አንበጣ ሲመጣ የደረሰ ሰብል በአንድ ቀን ያጣችሁ ከዚህ ውስጥ ትኖራላችሁ። ላም ትሞታለች፣ ሰው ይታመማል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ "ክፉ ቀን" የሚል ስም ይኑረው፤ ለሰርግም፣ ለጫማም፣ ለማዳበሪያም እንዳይነካ። ስንት ይሁን? የቤታችሁን የሁለት ወር ወጪ አስቡና ከዚያ ጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጯችሁን ከመኸሩ ገንዘብ ቀድማችሁ ክፈሉ፤ የሐኪም ቤት ወጪ በክረምት ሲመጣ በሬ እንዳያሸጣችሁ ከሁሉ በርካሽ የሚገኘው አጥር እሱ ነው።

አሁን ወደ ጎተራው። ብዙዎቻችሁ ጤፍ በጥር ከምትሸጡበት ዋጋ በሰኔ እንደሚሻል ታውቃላችሁ። ታዲያ ለምን በጥር ሁሉ ይሸጣል? ዕዳው፣ ግብሩ፣ ሰርጉ በጥር ስለሚጠራ ነው። እንግዲህ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች እኔ ያወጣሁት ነው፣ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት። ለቀለብና ለዘር ካስቀረ በኋላ የሚሸጥ 14 ኩንታል ጤፍ ያለው ቤተሰብ አለ እንበል። በጥር ኩንታሉ 10,000 ብር ነው። ሁሉንም ቢሸጥ 140,000 ብር ያገኛል። ይህ ቤተሰብ ግን ቁጭ ብሎ በጥር የግድ የሚያስፈልገውን ቆጠረ፦ የግብዓት ዕዳ 30,000፣ ግብር፣ ጤና መድንና እድር 6,000፣ ድግስ 12,000፣ የተማሪ ወጪ 4,000፣ ለክፉ ቀን 8,000። ድምሩ 60,000 ነው። ስለዚህ 6 ኩንታል ብቻ ሸጠ። የቀረውን 8 ኩንታል አቆይቶ በሰኔ በ11,500 ሸጠው እንበል፤ 92,000 ብር ሆነ። ጠቅላላው 152,000 ነው። በአንድ ጊዜ ከሸጠው ሰው በ12,000 ብር ይበልጣል። ድግሱን ሙሉ በሙሉ የቻለለት ያ ልዩነት ነው። ከሰኔው ገንዘብ 35,000 ለግብዓት፣ 17,000 ለክረምቱ ወጪና ለልጆች መስከረም ምዝገባ ሲያወጣ 40,000 ይቀረዋል። ያ 40,000 ስም ይወጣለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዋጋ በየዓመቱ በሰኔ አይጨምርም፤ የሚወርድበት ዓመትም ይኖራል። ስለዚህ ሁሉን አቆይቶ መቆመርም፣ ሁሉን በጥር አራግፎ መጨረስም አልመክርም። ጤፍ ለማቆየት አመቺ ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በቆሎና ባቄላ ግን ያለ አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም የብረት ጎተራ ብታቆዩ ለነቀዝ ቆጠባችሁ ማለት ነው። ማኅበራችሁ መጋዘን ካለው ጠይቁ፤ ተጠቀሙበት።

"ገንዘቡን የት እናስቀምጥ?" የሚለው ጥያቄ በምሳ ሰዓት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አንዱ "ባንክ" አለ፤ ሌላው "ባንክ ያከስራል፣ በሬ ግዛ" አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ በዓመት 7 በመቶ ተብሎ በብሔራዊ ባንክ ተወስኗል። በ2014 ዓ.ም ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር አገኘ፤ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ሆነ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያችን ከውጭ በዶላር እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ስለዚህ "በሬ ግዛ" ያለው ሰው ሞኝ አይደለም።

በሬ ግን ይታመማል፣ ይሰረቃል። ልጅ በሌሊት ቢታመም ደግሞ የበሬን አንድ እግር ቆርጦ መሸጥ አይቻልም። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ በስድስት ወር ውስጥ የምትፈልጉት ገንዘብ፣ የክፉ ቀኑም ጭምር፣ በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሁን፤ ወለዱን ብላችሁ ሳይሆን እንዳይነካና ባስፈለገ ሰዓት እንዲወጣ ነው። ወለድ የማይቀበል ከወለድ ነፃ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ከዓመት በላይ ለሚቆይ ዓላማ የያዛችሁት ገንዘብ ግን ብር ሆኖ አይቀመጥ፤ የሚደለብ በሬ፣ በግ፣ የንብ ቀፎ፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ፣ ወይም ያቆያችሁት እህል ይሁን። ሁሉም አንድ ዓይነት አይሁን ብቻ። ሁለት ማሳ ያለው ሰው ሁለቱንም አንድ ሰብል እንደማይዘራ ነው። ወደ ማኅበር ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ያለፈው ዓመት የኦዲት ሪፖርት ይታይልን በሉ፤ ይህን በመጠየቃችሁ የሚቆጣ አመራር ካለ፣ መልሱን በዚያው አገኛችሁ።

አሁን ሴቶቹም ወንዶቹም ስሙኝ። ዕቅዱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከቀረ ዕቅድ አይደለም። ባል "ፓምፕ እገዛለሁ" ብሎ ያስባል፤ ሚስት "ቆርቆሮው ይቀየራል" ብላ ታስባለች፤ ልጅ "ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ይልኩኛል" ብሎ ያስባል። ሦስቱም ከዚያው ከአንድ ጎተራ ነው የሚያስቡት። ጥር ሲመጣ ይጋጫሉ፤ በመጨረሻ ገንዘቡን ድንገት የመጣ እንግዳ ይበላዋል። እኔ የምመክረው በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ገንዘቡ በእጅ ሳይገባ፣ አንድ እሑድ ቡና አፍልታችሁ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲቀመጥ ነው። ያልመጣ ገንዘብ ላይ ሰው በቅንነት ይነጋገራል፤ እጅ ከገባ በኋላ ግን ሁሉም ጠበቃ ይሆናል። ምን እንፈልጋለን፣ ስንት ያስፈልገዋል፣ መቼ እንፈልገዋለን፣ ማን ይከታተለዋል? ለምሳሌ "የውሃ ፓምፕ፤ 80,000 ብር፤ ከሁለት መኸር በኋላ በጥር፤ ተከታታይ እናት" ተብሎ ይጻፍ። "ኑሯችንን እናሻሽላለን" ብላችሁ አትጻፉልኝ። እንዲያ ያለው ለእኛ ለቢሮ ሠራተኞች ዕቅድ ነው፤ እኛ ብዙ ጽፈነዋል። ሒሳቡም ከተቻለ በባልና በሚስት በጋራ ስም ይከፈት።

ስለ ድግስ እንድናገር የጠበቀ ሰው ይኖራል፤ "አትደግሱ" እንድል። አልልም። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ ማኅበር ያለ እነሱ ሰው ሰው አይሆንም፤ ጎረቤትም በክፉ ቀን የሚደርሰው በደጉ ቀን አብሮ ስለበላ ነው። ነገር ግን ድግስም እንደ ሌላው ወጪ ስምና ልክ ይኑረው። በምሳሌያችን 12,000 ብር ብለን ቆርጠናል። የድግሱን ልክ የሚወስነው ከጥር በፊት የተነጋገረው ቤተሰብ ይሁን፤ የጎረቤት ሰርግ ባየ ማግስት ልቡ የሞቀው አባወራ አይሁን። በነገራችን ላይ በብድር የተደገሰ ሰርግ ሙሽሮቹን እንኳ ደስ አይላቸውም፤ ዕዳውን አብረው ስለሚሸከሙት።

ለዕለት ተዕለቱ ብዙ ሕግ አላወጣም። ገበያ ስትወጡ የምትገዙትን ከቤት ቆርጣችሁ ውጡ። ከጨው፣ ከዘይትና ከመሳሰለው በላይ የሆነ፣ ዋጋው ከፍ ያለና ያላቀዳችሁት ነገር ዓይናችሁን ከሳበው ግን ሦስት ሌሊት አሳድሩት። በሦስተኛው ቀን አሁንም ከፈለጋችሁት ግዙ። እኔ ሶፋውን ሦስት ሌሊት ባሳድረው ኖሮ በሬን ለመክፈት ባልተቸገርኩ። እህል የሸጣችሁበትን ገንዘብ ይዛችሁ ጠላ ቤት አትግቡ፤ መጀመሪያ በባንክ ወይም በቴሌብር አስገቡ፣ ከዚያ ጠጡ። በስልክ ገንዘብ ለምትይዙ፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ከባንክ ነኝ ለሚል ቢሆን እንኳ። "ሽልማት ደርሶዎታል፣ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ" የሚል ሰው ሲደውል ዝጉት። ትንሽ አስገቡ፣ ሰው አምጡ፣ በወር እጥፍ ይሆናል የሚላችሁን ደግሞ "በወር እጥፍ የሚሆነው ምን ተዘርቶ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። በወር የሚደርስ ሰብል አላችሁ? እኔ አላየሁም።

ደብተሩን የማደላችሁ ለዚህ ነው። ባለ ሃምሳ ገጽ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በግራው ገጽ የገባ፣ በቀኙ የወጣ ይጻፋል፤ በየገበያው ቀን ማታ፣ መብራት ሳይጠፋ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጁን ጸሐፊ ይሹም፤ ልጁም ሒሳብ ይማርበታል፣ የቤቱንም ነገር ያውቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ብትዘሉ ደብተሩን አትጣሉት፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። እኔም እዘላለሁ።

ጠዋት ለጠየቁኝ አባት መልሱን ጨርሻለሁ ብዬ አላምንም፤ ግማሹን ግን መለስኩ። የካዛንቺስ ሰው ጎተራ የለውም፤ በየማታው የሚያንኳኳ እቁብ ሰብሳቢ ግን አለው። እናንተ ጎተራ አላችሁ፤ የሚያንኳኳ ነው የጎደላችሁ።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ከመጠጣታችን በፊት ለነገ ያለውን ልንገራችሁ። ነገ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሙ ቂርቆስ ቅርብ ነው። ከሦስት ተኩል በኋላ በዚህ በር ላይ ተሰብስበን ወደ እሑድ ገበያ እንሄዳለን። እዚያ የእናንተን ጤፍ ሸማቹ በስንት እንደሚገዛው ራሳችሁ ጠይቃችሁ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ጻፉ፤ እናንተ ከሸጣችሁበት ዋጋ ጎን አድርጋችሁ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ስም፣ አንድ የገንዘብ መጠን፣ አንድ ወር ይጻፍ። ባለቤታችሁ አብራችሁ ካልመጣች ወይም ካልመጣ አሁኑኑ ደውሉና ጠይቁ። መኪናው ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል፤ ደብተሩን ከመሳፈራችሁ በፊት በር ላይ ቆሜ አያለሁ።